ደብዳቤው በማን እጅ ነው? ኢሜይልን በፋይል የማስቀመጥ ጉዳይ በምዕራብ ጎጃም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እያከታተለ ያልፋል። በእነዚህ የምዕራብ ጎጃም ከተሞች በየቀኑ ኢሜይል የሚከፍት ሰው ብዙ አይደለም፤ የሚከፍተው ግን ለቁም ነገር ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከተ መምህር የመቀበያ ደብዳቤውን የሚጠብቀው በኢሜይል ነው። በቆሎና በርበሬ የሚሰበስብ ዩኒየን ከገዢው ጋር በዋጋ የተነጋገረበት ቃል እዚያ ውስጥ ነው። የዕርዳታ ድርጅት ለወረዳ ጽሕፈት ቤት የላከው የበጀት ሰንጠረዥ፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ ለቪዛ የጠየቀው የልደት ሰርተፍኬት ስካን፣ ነጋዴው ያዘዘው ዕቃ ደረሰኝ፣ ሁሉም እዚያው ነው።

መልእክቱ ስልክ ላይ ስለሚታይ ስልኩ ውስጥ ያለ ይመስላል። ጂሜይል ስልክ ላይ አስቀድሞ የሚያወርደው ግን በተለምዶ የ30 ቀን ደብዳቤ ነው። ከዚያ በፊት ያለው፣ በተለይም አባሪ ሆኖ የመጣው ሰነድ፣ ሌላ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ኔትወርክ ሲገኝ ብቻ የሚመጣ ነው። ይህ ለሌላ አገር ሰው ተራ ቴክኒካዊ ዝርዝር ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን አይደለም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ ከተፈጸመው የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ምዕራብ ጎጃም ገፈቱን ከቀመሱት አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ ቅጂ ያላወረደ ሰው የራሱን ደብዳቤ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

ስለዚህ የዚህ ዳሰሳ አቋም ግልጽ ነው። ለኑሮ ወይም ለመብት የሚያስፈልግ ኢሜይል በደረሰበት ዕለት ፋይል ሆኖ ባለቤቱ እጅ መግባት አለበት። በምን ዓይነት ፋይል ይቀመጥ የሚለውም እንዲሁ በግምት የሚወሰን አይደለም።

ደብዳቤ ሁልጊዜ በሩቅ ሰርቨር ላይ የሚኖር አልነበረም። ኢሜይል ኢትዮጵያ የገባው ከኢንተርኔት በፊት ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል፣ ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ ለተመራማሪዎችና ለድርጅቶች መልእክት ያስተላልፍ ነበር። መልእክቱ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በስልክ መስመር ወደ ውጭ ይደወልና የሚሄደው ባንድ ላይ ይሄዳል፣ የሚመጣውም ባንድ ላይ ይወርዳል። በ1989 ዓ.ም. ቴሌ ኢንተርኔትን ለሕዝብ ሲያቀርብም ልማዱ ብዙ አልተለወጠም። የስልክ ሂሳብ እየቆጠረ መስመር ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚያነብ አልነበረም። ሰው ይደውላል፣ ዩዶራ ወይም አውትሉክ ኤክስፕረስ የሚባለው ፕሮግራም ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል፣ መስመሩ ይዘጋል፤ ንባቡ ከዚያ በኋላ ነው። ፖፕ የሚባለው ሥርዓት የወረደውን ከሰርቨሩ ላይ የማጥፋት ልማድ ስለነበረው ደብዳቤው የሚኖረው ባለቤቱ ዘንድ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን የትም አይሄድም።

ደብዳቤውን ሰርቨር ላይ የሚያኖሩት ሆትሜይል በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ያሁ ሜይል በዓመቱ፣ ጂሜይል በ2004 እ.ኤ.አ. መጡ። ጂሜይል ከአንድ ጊጋባይት ነፃ ቦታ ጋር ብቅ ሲል ከእንግዲህ ደብዳቤ ማጥፋት አያስፈልግም ተባለ። ማጥፋት ካላስፈለገ ማስቀመጥም ያላስፈለገ መሰለ። ይሁን እንጂ ነፃው ቦታ የራሱ ደንብ አለው። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን ከነይዘቱ መሰረዝ የሚያስችለውን ደንብ ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ያሁ ደግሞ 12 ወር ያልተከፈተ የመልእክት ሣጥንን ያጸዳል። እነዚህን ቀነ ገደቦች ያወጡ ሰዎች አንድ አካባቢ ለወራት ከኔትወርክ ውጭ ሊሆን እንደሚችል ያሰቡ አይመስለኝም።

ወደ ፋይሎቹ እንምጣ። ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍተው ከደብዳቤው በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው መልእክቱን አውርድ የሚለውን ቢመርጡ፣ ኢኤምኤል የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ይወርዳል። ተንደርበርድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም ደብዳቤውን ሴቭ ሲያደርጉ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ፋይሉን አንድ ጊዜ በኖትፓድ ከፍቶ ማየት ብዙ ያስተምራል። ከላይ መልእክቱን ያስተላለፉ ሰርቨሮች የተዉት የመቀበያ መስመር አለ። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ከቀዳሚው በላይ ስለሚጽፍ ከታች ወደ ላይ ሲያነቡት ደብዳቤው ከየት ተነስቶ በየት በየት እንዳለፈ ይታያል። ቀጥሎ የላኪው አድራሻ፣ የተቀባዩ፣ ግልባጭ የተደረገላቸው፣ ርዕሱ፣ የመልእክቱ መለያ ቁጥር ይመጣል። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን ከኢትዮጵያ የተላከ ከሆነ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት መቅደሙን የሚነግር ምልክት አብሮት ይጻፋል። ከላኪው ድርጅት ሰርቨር የተሰጠ የዲጂታል ፊርማም አለ፤ ይህ ፊርማ የሚመረመረው ፋይሉ አንድ ፊደል ሳይነካ እንደ መጣ ከተቀመጠ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ለራስ መልሶ ፎርዋርድ ማድረግ ማስቀመጥ የሚመስላቸው አሉ። ፎርዋርድ የተደረገው ግን አዲስ ደብዳቤ ነው፤ የመጀመሪያው የጉዞ ታሪክ ከላዩ ተገፏል።

የኢኤምኤል ጥቅሙ የማንም ኩባንያ ንብረት አለመሆኑ ነው። አጻጻፉ በ1982 እ.ኤ.አ. የተደነገገ ሲሆን በ2001 እና በ2008 ቢሻሻልም መሠረቱ እንዳለ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ሥርዓት በመሆኑ ነገ የሚከፍተው ፕሮግራም ይጠፋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

አማርኛ ሲሆን ጉዳዩ ጠለቅ ይላል። የ1982ቱ ሥርዓት የሚያውቀው አስኪ የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. የመጣው ማይም የተባለ ደንብ ሌሎች ፊደላትና አባሪ ሰነዶች በአስኪ ምልክቶች ተለውጠው እንዲጓዙ አደረገ። የግእዝ ፊደል ደግሞ ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ዛሬ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 9 ባይት ነው ማለት ነው፤ ኢኤምኤል ፋይል ውስጥ ቤዝ 64 በሚባለው መንገድ 12 ምልክት፣ ኮትድ ፕሪንተብል በሚባለው መንገድ ደግሞ 27 ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ፋይሉን በኖትፓድ የከፈተ ሰው በሰላምታው ቦታ ቁጥርና የላቲን ፊደል የተደባለቀበት ረጅም መስመር ያገኛል። ተበላሽቷል ብሎ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። አልተበላሸም። ያው ፋይል በተንደርበርድ ሲከፈት አማርኛው አንድም ሳይጎድል ይመለሳል።

እውነተኛው ችግር ያለው ከዩኒኮድ በፊት በተጻፈው ላይ ነው። እነ ቪዥዋል ግእዝና ፓወር ግእዝ የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ኮድ ላይ የሚያሰፍሩት በየራሳቸው ሥርዓት ነበር። በዚያ ዘመን የተላከ ደብዳቤ ውስጥ አማርኛውን አማርኛ የሚያደርገው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ተራ ቴክስት አድርጎ ያስቀመጠ ሰው የፎንቱን ስም ስለሚጥለው እጁ ላይ የሚቀረው የምልክት ክምር ነው። ኢኤምኤል ግን የደብዳቤውን የኤችቲኤምኤል ክፍል ከነፎንቱ ስም ይይዘዋል፤ ስሙ ካለ በየትኛው መለወጫ ወደ ዩኒኮድ እንደሚመለስ ይታወቃል። ዳንኤል ያዕቆብና ባልደረቦቹ ሴራ ብለው ባወጡት ሥርዓት አማርኛን በላቲን ፊደል የጻፉ የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰዎች ደብዳቤያቸው ዛሬም ሳይበላሽ የሚነበበው ከአስኪ ስላልወጡ ነው። በዘጠናዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተጻፈ የአማርኛ ኢሜይል ያለው ሰው ካለ አሁኑኑ ቢያወርደው እመክራለሁ።

ከዚያ ስም ማውጣት ይከተላል፤ ይህን ብዙዎች እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል። የመሥሪያ ቤት አማርኛችን በእዝባር የተሞላ ነው። ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ም/ኃላፊ፣ ወ/ሮ እንላለን፤ ቀኑንም 12/03/2016፣ የደብዳቤ ቁጥሩንም በእዝባር እየከፈልን እንጽፋለን። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ እዝባርን፣ የላቲኑን ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክትን አይቀበልም። ፕሮግራሞች የደብዳቤውን ርዕስ የፋይል ስም ሲያደርጉ እነዚህን ምልክቶች ይተካሉ ወይም ይጥላሉ። በሰረዝ ከተተኩ ጉዳት የለውም። ከተጣሉ ግን ቁጥር 4/12 እና ቁጥር 41/2 ሁለቱም 412 ይሆናሉ፤ ይህ በማህደር ሥራ ላይ ቀላል ስህተት አይደለም። ርዝመትም ገደብ አለው። በሊነክስ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ በግእዝ ፊደል ሲቆጠር 85 ፊደል ነው። «የበጀት ዓመቱን የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ስለመላክ» ዓይነት ርዕስ የተቋሙ ስም ሲጨመርበት ወደዚያ ገደብ ይጠጋል።

ፍለጋም አለ። አንዱ ደምበጫ፣ ሌላው ደንበጫ ብሎ ይጽፋል። ፍኖተ ሰላም ተለይቶም ተገጥሞም ይጻፋል። ኃላፊ በሦስት ዓይነት ሀ ይመጣል። ኮምፒውተሩ አንዱን ሲፈልግ ሌላውን አያገኝም። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ ሰው አንዱን አጻጻፍ መርጦ ካልጸና ከጥቂት ዓመት በኋላ ደብዳቤው እያለ የለም ይባላል። እኔ የምመርጠው ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወሩንና ቀኑን በሁለት በሁለት አሃዝ አስከትሎ፣ ከዚያ ላኪውንና ጉዳዩን ባጭሩ መጻፍ ነው፦ «2016-03-12 ዞን ጤና መምሪያ የመድኃኒት ጥያቄ»። አቆጣጠሩ የኛው ቢሆን ይሻላል፤ ሌላው ማህደር ሁሉ የሚሄደው በኢትዮጵያ ቀን ነውና። የፈረንጁ ቀን ፋይሉ ውስጥ ስላለ አይጠፋም፤ ጳጉሜንም 13 ሆና በተራዋ ትሰለፋለች።

ብዙ ደብዳቤ ባንድ ላይ ማስቀመጥ ሲፈለግ ኤምቦክስ የሚባለው ዓይነት ይመጣል። የመልእክት ሣጥኑ በሙሉ አንድ ረጅም ፋይል ይሆናል። ቴክአውት የሚባለው የጉግል የመረጃ ማውረጃ አገልግሎት የሚሰጠው ይህንን ነው፤ ተንደርበርድም ፎልደሮቹን በተለምዶ የሚያኖረው እንዲሁ ነው። ለማጓጓዝ ጥሩ ነው፤ ለማኖር ግን መብራት በድንገት በሚጠፋበት አገር ሁሉን ባንድ ፋይል ላይ መጣል አይመከርም፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን እየጻፈ ሳለ መብራት ቢሄድ የሚጎዳው አንድ ደብዳቤ ላይሆን ይችላል። ሌላም አለ። በየሱቁ የሚሸጠው ፍላሽ ብዙ ጊዜ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለው ኮፒ አልቀበልም ሲል ምክንያቱ ይህ ነው። የማይክሮሶፍት ፒኤስቲ የባሰ ነው፤ የራሱ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፣ የድሮዎቹ ዕትሞች ደግሞ 2 ጊጋባይት ሲሞሉ የመበላሸት ታሪክ አላቸው። በፒኤስቲ የተቀመጠ ደብዳቤ ያለው ሰው አውትሉክ ያለበት ኮምፒውተር ሳይጠፋ ወደ ሌላ ዓይነት ቢያወጣው መልካም ነው።

ስልክ ብቻ ያለው ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። የአንድሮይድ ጂሜይል ደብዳቤን በኢኤምኤል አያወርድም፤ ፕሪንት የሚለውን ነክቶ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ግን ይቻላል። ፒዲኤፉ የላኪውን ስም፣ ቀኑንና ጽሑፉን ይይዛል፤ ፎንቱም ስለሚታተምበት አማርኛው በየትኛውም ስልክ ይነበባል። የጉዞ ታሪኩና የዲጂታል ፊርማው ግን አይኖርም፤ አባሪውም ለብቻው ካልወረደ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። ከስክሪንሾት ግን እጅግ ይሻላል፤ ስክሪንሾት ፎቶ በመሆኑ ውስጡ አይፈለግም፣ ግማሹም ተቆርጦ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወረቀት ላይ ያተመ ሰው ኢሜይሉን አስቀምጧል ወይ የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር ፍርድ ቤት ደርሷል። በኅዳር 1986 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ ፀጥታ ምክር ቤት ባለሥልጣናት የነበሩት ጆን ፖይንዴክስተርና ኦሊቨር ኖርዝ ለኢራን የተሸጠውን መሣሪያ የሚመለከቱ መልእክቶቻቸውን ከኮምፒውተር አጠፉ፤ ቅጂው ግን መጠባበቂያ ቴፕ ላይ ተገኘ። የዋይት ሀውስን የኤሌክትሮኒክ መልእክቶች በማስጠበቅ ላይ በተነሣ ሌላ ክርክር የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1993 እ.ኤ.አ. በወረቀት የታተመው ኤሌክትሮኒኩን አይተካም ብሎ ወሰነ፤ ማን እንደተቀበለውና መቼ እንደደረሰው የሚናገረው ክፍል ወረቀቱ ላይ ላይወጣ ይችላልና። እኛ ጋ እስካሁን ፕሪንት አድርጎ ማህደር ውስጥ መክተት የመጨረሻው ጥንቃቄ ተደርጎ ይታያል። ወረቀቱ ይኑር፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ሕጋችንም ወደዚሁ ያመራል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንዳያጣ ይከላከላል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞዴል ሕግ ደግሞ ተጠብቆ ለሚቆይ መልእክት መለኪያውን አስቀምጧል። በኋላ ሊነበብ የሚችል፣ በመጣበት ቅርጽ ወይም ያንን በትክክል በሚያሳይ ቅርጽ የተቀመጠ፣ ከየት ወደየት መቼ እንደተላከ የሚያሳውቅ መሆን አለበት። ኢኤምኤል ሦስቱንም ያሟላል። በውል ላይ ክርክር ቢነሣ ከገዢው ጋር የተጻጻፈበትን ኢኤምኤል ከነአባሪው የያዘ ዩኒየን ስክሪንሾት ከያዘው የተሻለ መቆሚያ አለው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት የሚበልጥ አባሪን በራሱ ወደ ጉግል ድራይቭ ሊንክ ይቀይረዋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲወርድ ፋይሉ ውስጥ ያለው ሊንኩ እንጂ ሰነዱ አይደለም፤ ሰነዱ ለብቻው መውረድ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመሥሪያ ቤቶቹ ነገር ነው። የወረዳ መዝገብ ቤት ሥራውን ያውቃል። ገቢ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ለኃላፊው ይመራል፣ ማህደሩ ውስጥ ይገባል። ኢሜይል ግን በዚህ በር አይገባም። በኃላፊው ወይም በባለሙያው የግል ጂሜይል ይመጣል፣ እዚያው ይነበባል፣ እዚያው መልስ ይሰጥበታል። ኃላፊው ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር የቢሮው ደብዳቤ አብሮት ይሄዳል፤ አዲሱ ተሿሚ ከዜሮ ይጀምራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኢሜይሉ እንደ ማንኛውም ገቢ ደብዳቤ በዚያው መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጠው፤ ፋይሉም በዚያው ቁጥር ተሰይሞ በቢሮው ኮምፒውተርና በአንድ ተጨማሪ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። አዲስ ሥርዓት መግዛት አያስፈልግም፤ ሥራው ያለው ሰነድ አያያዝ ለዓመታት በለመዱት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች እጅ ነው።

በግለሰብ ደረጃ ያለው አምሳያው ኢንተርኔት ቤት ነው። ዲቪ ሊሞላ ወይም ለሥራ ሊያመለክት የመጣ ወጣት ኢሜይል የለውም፤ የሱቁ ልጅ ይከፍትለታል፣ ፓስወርዱንም እሱ ይይዘዋል። ሱቁ ሲዘጋ ወይም ልጁ ከተማ ሲቀይር ደብዳቤው ባለቤት አልባ ይሆናል። የዲቪ ማረጋገጫ ቁጥር ያለበት ገጽ ወዲያው በፒዲኤፍ ወደ ባለቤቱ ስልክ ቢላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ያለፈው ታሪካችን ደብዳቤ በማን እጅ እንደሚቀር አሳይቶናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀርቶ መዘዙ መቅደላ ደርሷል፤ ደብዳቤው ግን በተቀባዩ ማህደር ውስጥ ቆየ። ታሪክ ጸሐፊው ስቨን ሩበንሰን የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታትና መሳፍንት ደብዳቤዎች አክታ ኤቲዮፒካ በተባሉት መጻሕፍት ሲሰበስብ ብዙዎቹን ያገኘው የውጭ ተቀባዮች ባኖሩት መዝገብ ውስጥ ነው። በአገር ውስጥ የቆየው ደግሞ አኗሪ ያገኘው ነው፤ የጉልትና የርስት ጽሑፎች በአብያተ ክርስቲያናት ወንጌሎች ህዳግና ባዶ ገጾች ላይ እየተጻፉ ለዘመናት ተጠብቀዋል።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ቴክአውትን በሙሉ ከማዘዝ ይቆጠብ፤ በደምበጫ ኔትወርክ ብዙ ጊጋባይት ማውረድ ፈተና ነው፣ የማውረጃው ሊንክም ከጥቂት ቀናት በኋላ ጊዜው ያልፍበታል። ይልቅ ጂሜይል ውስጥ አንድ ሌብል ከፍቶ ቁም ነገር ያላቸውን ደብዳቤዎች እዚያ ይሰብስብ፤ ቴክአውት ላይ ያንን ሌብል ብቻ መምረጥ ይቻላል። ተንደርበርድ ላይ አካውንቱን ያገናኘ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። አይማፕ በሚባለው አሠራር ከሰርቨሩ ላይ የጠፋ ደብዳቤ ከኮምፒውተሩም ይጠፋል። ደብዳቤው ሎካል ፎልደር ወደሚባለው ካልተገለበጠ ወይም በኢኤምኤል ካልወጣ ተቀምጧል ማለት አይቻልም።

ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ከኢሜይል ይልቅ ደብዳቤ የሚጓጓዘው በቴሌግራም ነው፤ ማህተም ያረፈበት ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በግሩፕ ይለቀቃል። ይህም ቢሆን ፋይል ሊሆን ይችላል። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአንድን ቻት ታሪክ ከነፎቶውና ከነሰነዱ በኤችቲኤምኤል ያወጣል፤ ከስልኩ ላይ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም። ሲያወጡ ፎቶና ፋይል የሚሉትን ሣጥኖች ምልክት ማድረግና የመጠን ገደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የሚወጣው ጽሑፉ ብቻ ሆኖ ደብዳቤዎቹ ራሳቸው ሊቀሩ ይችላሉ።